ውጤትሽን አሳዪኝ

ወጥ ቤታችን ውስጥ አንድ መሳቢያ አለ። የመብራትና የውሃ ደረሰኞች፣ የልጆቹ የክትባት ካርዶች፣ ጉርድ ፎቶግራፎች፣ የቆመ የእጅ ሰዓትና የየትኛው በር እንደሆኑ የማይታወቁ ቁልፎች የሚቀመጡበት ነው። የሚበላ ነገር ስለሌለው ልጆች አይከፍቱትም። ባለፈው የካቲት መጨረሻ ከቢሮ አትሜ ያመጣሁትን አንድ ገጽ ወረቀት አራት ቦታ አጥፌ ከደረሰኞቹ ሥር ሸጎጥኩት። ወረቀቱ የፈተና ውጤቴ ነበር። ወድቄአለሁ።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ እንደምታውቁት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የ14 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ፤ እናቴም አብራን ትኖራለች። ስለ ልጆቼ ጥርስ፣ ስለ ሠራተኛ ማጣት፣ ስለ ባለቤቴ የመስክ ሥራ ብዙ አውርተናል። ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ መሆኔን ግን ለእናንተም አልነገርኳችሁም። ምክንያቱ ያው ነው፤ ብወድቅስ ብዬ ነው።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ማስተርስ ለመማር የሚፈልግ ሰው የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ ራሱ ያወጣውን ፈተና ይፈተን ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጥ አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ሰው ሁሉ በእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል “ጋት” ይለዋል። ፈተናው የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው፤ ጥያቄዎቹም በእንግሊዝኛ ናቸው። በተማርክበት ሙያ ላይ የሚያተኩር አይደለም። ቋንቋ፣ የቁጥር ስሌትና ነገር የማገናዘብ ችሎታ ነው የሚጠየቀው። እኔ 12 ዓመት ሙሉ ሒሳብ ስዘጋ የኖርኩ ሰው “የቁጥሩ ክፍል ምን አለበት” ብዬ ነበር የገባሁት። ለካስ ኤክሴል ሲደምርልኝ ኖሯል እንጂ እኔ ደምሬ አላውቅም።

መማር የፈለግኩት በቁጭት ነው፤ አልዋሻችሁም። ቢሯችን ውስጥ አንድ የኃላፊነት ቦታ ክፍት ሆነ። ማስታወቂያው ሁለተኛ ዲግሪ ይላል። ሥራውን ለሁለት ዓመት በውክልና የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቦታውን ያገኘው ግን እኔ ፔሮል ያሳየሁት ልጅ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በእሱ ቅር አላለኝም። ያን ዕለት ማታ ግን ሰርቪስ ውስጥ ከመገናኛ እስከ ጀሞ ስሄድ ዕድሜዬን ስቆጥር ነበር። 38።

የመጀመሪያው ዝግጅቴ የሌባ ዝግጅት ነበር። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት አሮጌ መጻሕፍት ሻጮች የሰው ስም የተጻፈባቸው ሁለት የመለማመጃ መጻሕፍት ገዛሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ። 11፡30 ላይ የልጆቹን ምሳ ዕቃ መሙላት እጀምራለሁ። 2 ሰዓት ላይ ቢሮ ነኝ። ማታ እነሱ ከተኙ በኋላ ደግሞ እንደገና እቀመጣለሁ፤ መብራት ከጠፋ በሞባይል ብርሃን። የሚያውቁት ባለቤቴና እናቴ ብቻ ነበሩ። ለልጆቹ “የቢሮ ሥራ ነው” አልኳቸው።

አክስቴ እንደምንም ሰምታ ኖሮ አንድ እሑድ መጥታ፣ “ልጄ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም” አለችኝ። እናቴ ከማጀት ሆና፣ “የእሷ እኮ ሦስት ነው፤ ሥራውም፣ ቤቱም፣ ትምህርቱም” አለች። የደገፈችኝ ይሁን የነቀፈችኝ እስካሁን አልገባኝም።

ባለቤቴ “በርቺ” ይለኝ ነበር። ከመስክ ሲደውል በርቺ፣ ሲመጣ በርቺ፣ ሲሄድ በርቺ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ፦ “በርቺ” ሳህን አያጥብም።

በዚያ ወቅት ያደረግኩትን አንድ ነገር ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ታሪኩ ያለ እሱ አይሞላም። አንድ ቅዳሜ ሰዓት ይዤ የሠራሁትን የመለማመጃ መልስ ትንሹ አግኝቶ በጀርባውም በፊቱም መኪና ስሎበታል። ትልቅ መኪና፣ አራት ጎማ፣ ውስጡ እኔ ነኝ። ጮኽኩበት። ወረቀቱን ከእጁ ስነጥቅ ተቀደደ። ልጁ አላለቀሰም። ዝም ብሎ ወደ አያቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ወደ መኝታ ቤቴ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ “ማሚ፣ ወረቀት ላይ ነሽ?” ብሎ ሳይጠይቅ አይገባም ነበር። እንግዳ እንደሚያንኳኳው።

በየካቲቱ ፈተና ዕለት አንድ የአቀማመጥ ጥያቄ ላይ ተጣበቅኩ። እገሌ ከእገሌ ጎን አይቀመጥም፣ እገሊት ዳር ናት የሚሉትን ዓይነት። ይሄንን ሳልፈታማ አልሄድም አልኩ። እልህ ነው። ስጨርስ የቀረኝ ሰዓት ለቀሩት ጥያቄዎች ግማሽ እንኳ አልበቃም። ውጤቱ ሲወጣ ከማለፊያው 3 ነጥብ ጎደለኝ። ሠላሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሦስት ነጥብ ሰውን እንቅልፍ ይነሳል፤ አንዷን ጥያቄ ትቼ ብሄድ ኖሮ ያሰኛል።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱ መሳቢያ የገባው።

በዚያው ሰሞን ትልቋ ልጄ የሒሳብ ፈተና ውጤት አመጣች፤ ከ100 54። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ አለባት። ሳሎን አስቀምጬ ያልኳትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “ምን ጎደለብሽ? የሚያስጠና ተቀጥሮልሻል፣ ጠረጴዛ አለሽ፣ መብራት አለሽ።” ቀጥዬም፣ “ከፍተኛው ስንት ነው? ማን አመጣ?” አልኳት። ከዚያ፣ “ለመሆኑ ይሄ ፈተና መቼ ነው የተሰጣችሁ? ለምንድነው እስከ ዛሬ የቆየው?” እሷም፣ “ልነግርሽ ነበር” አለች። እኔም “ውሸታም!” አልኳት። ይህን ስናገር ከመሳቢያው ያለሁት ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ነው።

ሐሙስ ዕለት ለሚኒስትሪው ምዝገባ ጉርድ ፎቶ ተጠየቀች። እኔ ሊጥ እያቦካሁ፣ እጄ እስከ ክርኔ ሊጥ ሆኖ፣ “መሳቢያው ውስጥ አለልሽ፣ ከደረሰኞቹ ሥር ፈልጊ” አልኳት። በገዛ አፌ። እስክታወጣው ድረስ ትዝ አላለኝም።

ምንም አላለችም። ፎቶዋን ይዛ ወጣች። ራት ተበልቶ ትንሹ ከተኛ በኋላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አስቀመጠችው።

“ማሚ፣ ይሄ ያንቺ ነው?”

“አዎ።”

“ለምን አልነገርሽንም?”

“ልነግራችሁ ነበር።”

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሁለታችንም ሰማነው። ሳቀችም አልተቆጣችም። እኔ እንደማደርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። “ስንት ነው ማለፊያው?” ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ “የትኛው ነው ያስቸገረሽ?” አለችኝ።

ይህን ጥያቄ በ14 ዓመቷ ውስጥ አንድ ቀን ጠይቄአት አላውቅም። ስንት እንዳመጣች ጠይቄአለሁ። ማን እንደበለጣት ጠይቄአለሁ። መምህሩን ስልክ ደውዬ ጠይቄአለሁ። የትኛው እንዳስቸገራት ግን አላውቅም ነበር። ያን ምሽት ተነጋገርን፤ እሷን ያስቸገራት ክፍልፋይና ከመቶ ነው። እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው።

እናቴ ተኝታለች ብለን ነበር። ነጠላዋን እያስተካከለች መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ወረቀቱን ገለበጠችው፤ እንግሊዝኛ ነው ብላ መለሰችው። ከዚያ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረችን።

በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ 19 ዓመቷ ነበር፤ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ታላቅ ወንድሜን አዝላ። ዘመቻው ኋላ በ15 ቋንቋዎች የተሰጠ ትልቅ ዘመቻ መሆኑን አብዛኞቻችሁ አያቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አስተማሪዎቹ ወይም ተማሪዎቹ ነበራችሁ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው ከእርሻና ከወፍጮ መልስ፣ በዘመቻ ከመጣች ከእሷ በዕድሜ ከምታንስ ተማሪ ነው። የመጀመሪያው ፈተና ቀን ልጁ ጀርባዋ ላይ ሆኖ አላስቀምጥ አላት። ተነስታ እየተወዛወዘች ስታባብል ሰዓቱ አለቀ። ወደቀች። “ለአባታችሁ ግን ፈተናው ተራዘመ አልኩት” አለችን። በሚቀጥለው ዙር አልፋ የምስክር ወረቀቷን ተቀበለች። ወረቀቱ እስካሁን ሳጥኗ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። የወደቀችበትን የነገረችው ግን ያን ዕለት ነው፤ አባቴ ካረፈ 9 ዓመት በኋላ።

ልጄ፣ “እማማ፣ አንቺም?” ብላ እስክትነፍር ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ጥናቱ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ሳሎን ገባ። የልጄን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን አብረን ሠራን። ሁልጊዜ አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ማታ፣ አንዳንዴ ሁለት። እሷ የእኔን ትሠራለች፣ እኔ የእሷን። አንድ ቀን እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ፦ የአንድ ዕቃ ዋጋ በ25 ከመቶ ጨመረ፤ ወደ ነበረበት እንዲመለስ በስንት ከመቶ መቀነስ አለበት? ሁለታችንም ያለ ማመንታት “25” አልን። መልሱ ግን 25 አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ስንከራከር ሽንኩርት የምትልጠው እናቴ ቀና አለች። “80 የነበረው ሽንኩርት 100 ገባ። የጨመረው 20 ብር ነው። አሁን ከመቶው ላይ 20 ካነሳሽ ይመለሳል። 25 ብታነሺማ 75 ሆነ፤ ማን ይሸጥልሻል?” 20 ከመቶ። መጽሐፉም የሚለው እሱን ነው። ነገሩ ከመቶው ከስንት ላይ እንደሚሰላ ማወቅ ነው፤ ሲጨምር ከ80 ላይ ነው፣ ሲቀንስ ከ100 ላይ። ልጄ ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ ከዚያ ወዲህ አትሳሳትም።

ትንሹን እንዴት እንደምመልሰው ግን አልሆነልኝም ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ልጅ ይቅር ይላል፤ በሩ ላይ መቆሙን ግን አልተወም። መንገዱን ያገኘሁት ባላሰብኩት በኩል ነው። ያ የጣለኝን የአቀማመጥ ጥያቄ በወረቀት ላይ ስሞክረው ስለማይገባኝ፣ ልጁ ከሚሰበስባቸው ቆርኪዎች አምስት ተበደርኩት። ኮካ፣ ፋንታ፣ ስፕራይት፣ አምቦና ቢራ። በአንድ መስመር ይቀመጣሉ። አምቦ መሐል ነው። ስፕራይት ዳር ነው። ኮካና ፋንታ ጎን ለጎን አይቀመጡም። እንግዲህ ከአምቦ ሌላ ከስፕራይት ጎን ማን ሊቀመጥ አይችልም?

“ኮካና ፋንታ ተጣልተው ነው?” አለኝ።

“አዎ፣ ተኳርፈዋል።”

ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ በጉልበቱ ተንበርክኮ ማንቀሳቀስ ጀመረ። ቢራውን ከስፕራይት አጠገብ አደረገው። ከዚያ ለኮካና ለፋንታ የቀራቸው ቦታ በወዲያኛው በኩል ጎን ለጎን ሆነ። “እዚህ ከሆነማ ይደባደባሉ!” አለ። ቢራውን አንስቶ ወዲያ ወሰደው። መልሱ እሱ ነው፤ ቢራው። የስድስት ዓመት ልጅ በሁለት ደቂቃ ያየውን እኔ የካቲት ላይ ያን ሁሉ ሰዓት ጨርሼበታለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ “ማሚ፣ ዛሬ የቆርኪ ትምህርት አለ?” ይላል፤ በሩ ላይ ሳይቆም።

ሌላው የጠቀመኝ ነገር የስህተት ደብተር ነው። የተሳሳትኩትን ጥያቄ ብቻ የምጽፍበት። ከሥሩም ለምን እንደተሳሳትኩ በአንድ መስመር፦ “ቸኮልኩ”፣ “ቃሉን አላወቅኩትም”፣ “እልህ ያዘኝ”። ሦስተኛው ይበዛል። ሰዓት ደግሞ በሞባይሌ ለ30 ደቂቃ እሞላለሁ፤ ሲጮህ እጄን አነሳለሁ፣ ቢያልቅም ባያልቅም። አንድ ጥያቄ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከወሰደ ጥዬው መሄድን ተለማመድኩ። ይህ ለእኔ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ብር ከጎደለ አይተኛም።

ሁሉም ነገር ሰመረ ማለቴ አይደለም። ሰኔ እንደ ሰኔ መጣ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ኦዲተሮች ይመጣሉ፤ እኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ከቢሮ አልወጣም። የልጄም ሚኒስትሪ እዚያው ወር ውስጥ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መጽሐፍ አልከፈትኩም። ከፍቼ እንደሆነ አድርጌም ለራሴ አልዋሸሁም፤ ደብተሩን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ከሰኔ ጋር የሚታገል ሒሳብ ሠራተኛ ካለ ያስተዋውቁኝ። ለፈተናዋ ቀን ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሸኘኋት። “እዚህ አትቁሚ፣ ታስጨንቂኛለሽ” አለችኝ። ማዶ ካለች ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዝዤ ሳልጠጣው በረደ።

ሐምሌ ላይ ባለቤቴ ከመስክ ሲመለስ ቁጭ አድርጌ በሰው ቋንቋ ነገርኩት። በርቺ በቃኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ያንተ ነው አልኩት። መጀመሪያ ላይ ቅር አለው፤ እየረዳሁ አይደለም እንዴ የሚል ዓይነት ቅሬታ። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ግን ወጥ አሳርሮ፣ ልጁን አጥቦ፣ ሳህን ሁሉ አጥቦ አገኘሁት። ያረረውን ወጥ በላነው። የዓመት ፈቃዴንም ነሐሴ ላይ አሥር ቀን ወሰድኩ። ሰው የዓመት ፈቃዱን ለሶደሬ ይይዛል፤ እኔ ለክፍልፋይ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። ጫማዬን ሳደርግ ትንሹ መጥቶ ካፖርት ኪሴ ውስጥ አንድ ነገር ከተተ። ጊዜ ስለሌለኝ አላየሁትም። መፈተኛው በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ ኪሴን ዳሰሰና አምስት ቆርኪ በመዳፉ ይዞ አየኝ። “እህቴ፣ ይሄ ምንድነው?” አለ። ምን ብዬ ልመልስለት? “የልጄ ናቸው” አልኩ። ሰልፍ ላይ ያሉት ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ጠረጴዛው ዳር ላይ በተርታ ደረደራቸውና፣ “ስትወጪ ትወስጃቸዋለሽ” አለኝ።

አንድ የአቀማመጥ ጥያቄ ነበረች። ሁለት ደቂቃ አየኋት፤ አልተፈታችልኝም። ትቻት ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ሰዓት ተርፎኝ ተመለስኩባት፤ ያኔም አልተፈታችልኝም። በግምት ነካኋት።

ውጤቱ የወጣ ዕለት ራት ላይ ነበርን። ስልኬን ለልጄ ሰጠኋትና “አንቺ አንብቢው” አልኳት። የእሷ የሚኒስትሪ ውጤት ቀደም ብሎ መጥቶ ነበር፤ አልፋለች፤ ሒሳቧም 71። ቁጥሬን አስገባች። ኔትወርኩ ዞረ፣ ዞረ። “አልፈሻል” አለች። ከማለፊያው በላይ 6 ነጥብ። እናቴ እልል አለች፤ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ መጣ።

የመሳቢያውን ወረቀት ልጄ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች፤ የየካቲቱን ማለቴ ነው። እንዲነሳ ጠይቄ ነበር፤ ድምፅ ተሰጥቶ ተሸነፍኩ። አክስቴ በመጣች ቁጥር እሱን ታነባለች።

ትምህርቱ የማታ ነው፤ ጥቅምት ላይ ይጀመራል። ክፍያው እንዴት እንደሚሸፈን በግምት ይዘናል። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልጁን ማን ራት አብልቶ እንደሚያስተኛው ግን ገና አልቆረጥንም። ባለቤቴ “እኔ” ብሏል። እናቴ እየሰማች ነበር፤ ምንም ሳትል ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።